ላይብረሪውን ከማስፋትሽ በፊት

ጥያቄሽ እንዲህ ነበር፦ ውሃ ውስጥ አንድ አጭር ፔፕታይድ (የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት) የሚይዝ ሰው ሠራሽ ተቀባይ ሞለኪውል ትፈልጊያለሽ። የተቀባዩ ክንድ (ከራሱ የሚዘረጋው የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት) ላይ 15 አሚኖ አሲዶችን ለማፈራረቅ ሦስት ቦታ ልተው ወይስ አራት? ማለትም ላይብረሪው (የሚፈተኑት ተቀባዮች ስብስብ) 3,375 ተቀባይ ይኑረው ወይስ 50,625?

ሦስት ይበቃሻል። ቢዶቹን (ተቀባዮቹ የሚገነቡባቸውን ጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብሎች) እየከፋፈልሽና መልሰሽ እየቀላቀልሽ ስትሠሪ እያንዳንዱ ቢድ አንድ ዓይነት ተቀባይ ብቻ ይሸከማል። የትኛው የትኛውን እንደሚያገኝ ግን ዕድል ነው የሚወስነው። የቢዱ ብዛት ከተቀባዮቹ ዓይነት ጋር እኩል ከሆነ 37 በመቶ ያህሉ ዓይነት ጭራሽ አይገኝም። 95 በመቶውን ለማግኘት ሦስት እጥፍ ቢድ ያስፈልጋል። ለአራት ቦታ ይህ ከ150,000 በላይ ነው። ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቶ ያን ሁሉ የሚለቅምልሽ ሰው ካለ፣ እሰየው!

ጉልበትሽን ይልቅ ማጣሪያው (ፔፕታይዱን የሚይዙትን ቢዶች የምትለዪበት ሙከራ) ላይ አውዪው። እኔ እንዳየሁት ብዙ ሰው የሚሸወደው በቀለሙ ነው። ፔፕታይዱ እንዲታይ ቀለም ትለጥፊበታለሽ። ቀለሞቹ ግን አብዛኞቹ ጠፍጣፋና ውሃ የሚሸሹ ናቸው፤ ቢዱ ፔፕታይዱን ትቶ ቀለሙን ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀለሙን ብቻውን ስጪና የያዘውን ቢድ ሁሉ ለቅመሽ አውጪ። ከዚያ ፔፕታይዱን ጨምሪ። ሁሉም ቢድ ከደመቀ በዝቷል ማለት ነው፤ ጥቂቶች ብቻ እስኪደምቁ አቅጥኚው። በደመቁት ላይ ደግሞ ቀለም የሌለውን ፔፕታይድ በብዛት አፍስሺ። ካልደበዘዙ እኔ አላምናቸውም።

ክሎሮፎርም ውስጥ ማጣራት ያጓጓል፤ እዚያ የሃይድሮጂን ቦንድ ጠንካራ ነው። ውሃ ውስጥ ሲሆን ግን ውሃው ራሱ ይሻማሻል። መጨረሻው ውሃ ከሆነ ማጣሪያውም ከመጀመሪያው ውሃ ይሁን። ሬዚኑም (ቢዱ የተሠራበት ፕላስቲክ) ውሃ ውስጥ የሚያብጥ መሆን አለበት። ተራው ፖሊስታይሪን አያብጥም፤ ፖሊኢትሊን ግላይኮል የተቀጠለበት ያብጣል።

የደመቀውን ቢድ ማንነት በምን እንደምትለዪም ቀድመሽ ወስኚ። በማስ ስፔክትሮሜትሪ (ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለይ ዘዴ) ከሆነ ሉሲንና አይሶሉሲንን አንድ ላይ አታስገቢ፤ ክብደታቸው እኩል ነው። በኤድማን (አሚኖ አሲዶችን ከጫፍ አንድ በአንድ እየቆረጠ በሚያነብ ዘዴ) ከሆነ የክንዱ ጫፍ አሚን ክፍት ይሁን።

ከሁሉም በላይ ከደመቀ አንድ ቢድ ይልቅ፣ ያው አሚኖ አሲድ በያው ቦታ የሚደጋገምባቸውን ብዙ ቢዶች አምናለሁ። ካልደመቁትም ጥቂቱን አንብቢ፤ እነሱም ላይ ያው ከተደጋገመ ነገሩ ባዶ ነው። የተመረጡትን ከቢዱ ውጪ እንደገና ሠርተሽ በኤንኤምአር (ሞለኪውሎችን በማግኔት በሚያይ መለኪያ) ወይም በካሎሪሜትሪ (ሲያያዙ የሚፈጠረውን የሙቀት ለውጥ በሚለካ ዘዴ) ለኪያቸው። ቢድ ላይ ተቀባዮቹ ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ ሁለቱ ተባብረው አንድ ፔፕታይድ ሊይዙ ይችላሉ፤ ለየብቻ ሲሆኑ ያ ጉልበት ይጠፋል።

አንድ ነገር ግን አልነገርሽንም፦ የፔፕታይድሽ ጫፍ ካርቦክሲሌት (ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለው የአሲድ ጫፍ) ክፍት ነው? ክፍት ከሆነ ጓኒዲኒየም (ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ቡድን) ያለው የተቀባይ ራስ ጥሩ መነሻ ነው፤ በሃይድሮጂን ቦንድም በቻርጅም ይይዘዋል። ከተዘጋ ግን ሌላ ራስ መፈለግ አለብሽ።