ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም፦ ስለ ዲፕ ክሪክ ሐይቅ ካምፒንግ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁም። ሰመር እየገባ ስለሆነ ጥያቄው በዝቷል። እዚሁ አንድ ላይ ልመልስላችሁ። ለማታውቁኝ፣ ሥራዬ የቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ጥገና ነው። ላለፉት 14 ዓመታት ቤተሰቤን ይዤ ምዕራብ ሜሪላንድ፣ ጋሬት ካውንቲ ተራራ ላይ ወዳለው ዲፕ ክሪክ ሌክ ስቴት ፓርክ ስሄድ ቆይቻለሁ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል፦ ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም። ነበልባሉ የጠፋውም፣ አመድ የለበሰውም አይገባም። አሁን ጠይቁኝ።

የሦስት ልጆች እናት፦ ጋሼ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ለልጆችስ ይሆናል?

መልስ፦ መንገዱ ካልተጨናነቀ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ሀይዌይ 270ን ይዘሽ ፍሬድሪክ፣ ከዚያ 70ን እስከ ሃንኮክ፣ ከዚያ 68ን ወደ ምዕራብ። መውጫ 14ኤ ላይ ወርደሽ 219ን ወደ ደቡብ። ሳይድሊንግ ሂል ስትደርሺ ልጆቹ ተኝተው ከሆነ ቀስቅሻቸው። መንገዱ ተራራውን ለሁለት ሰንጥቆት ነው የሚያልፈው። የድንጋዩ ንብርብር እንደ ተነባበረ እንጀራ ይታያል።

ለልጆች በጣም ይሆናል። ጀልባ የምትከራዩ ከሆነ ግን የሜሪላንድን ሕግ እወቂ። ከ21 ጫማ ያነሰ ጀልባ ላይ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሁሉ ላይፍ ጃኬት መልበስ አለበት። ወንበር ላይ ማስቀመጥ አይበቃም፣ ይለበሳል።

አዲስ መጤ፦ ምን ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስንት ናችሁ? በየትኛው ወር? ድንኳን አላችሁ? ይህን ሳትነግረኝ ምን ብዬ ልመልስልህ?

ብርድ የመታው፦ ባለፈው ሐምሌ ሄደን በብርድ ስንንቀጠቀጥ አደርን። ዲሲ ላይ ሙቀቱ አያስቆምም ነበር። የአየር ፍራሽና ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ይዘን ነበር። ምን አጠፋን?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለኛል። ሐይቁ ከባሕር ወለል 750 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ዲሲ ያለው ከባሕር ወለል እምብዛም ሳይርቅ ነው። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከፍታው ብቻውን ወደ 5 ዲግሪ ይቀንስባችኋል። ሌሊት ሰማዩ ጥርት ካለ ደግሞ መሬቱ የቀኑን ሙቀት ወደ ላይ ለቆት ያድራል።

ዋናው ጥፋታችሁ ግን ከሥራችሁ ነው። የአየር ፍራሽ ውስጡ ባዶ አየር ነው። ያ አየር ከመሬቱ ጋር ይቀዘቅዛል፣ ስትገላበጡም አብሮ ይገላበጣል። ሌሊቱን ሙሉ ሙቀታችሁን እየወሰደ ለመሬቱ ይሰጣል። ከላይ አሥር ብርድ ልብስ ብትደርቡ አይመልሰውም። መጀመሪያ መሬቱ ላይ ስፖንጅ ምንጣፍ አንጥፉ። ፍራሹን ከፈለጋችሁ ከዚያ በላይ። ካሏችሁ ሁለት ብርድ ልብሶችም አንዱን ከሥር አድርጉት። ስትተኙ ቀን የለበሳችሁትን ሁሉ ቀይሩ። ላብ የጠጣ ካልሲ ብቻውን እግር ያቀዘቅዛል።

ብርድ ሲበረታ ደግሞ ሰው የሚያስበው ከሰሉን ማስገባት ነው። አታስገቡ።

የጎንደሯ፦ እኔ ጋቢዬን ይዤ እሄዳለሁ። ከስሊፒንግ ባግ ይበልጣል።

መልስ፦ ደረቅ ጋቢ ግሩም ነው። ግን ጥጥ ነው። ሐይቅ ዳር ደግሞ ሌሊት ጤዛው ከባድ ነው። ጥጥ አንዴ ከረጠበ ሙቀት መያዙ ይቀራል፣ ቶሎም አይደርቅም።

የጎንደሯ፦ አያቶቻችን ደጋ ላይ በጋቢ አይደል እንዴ ያደሩት?

በርኖስ ለባሽ፦ ደጋ ላይማ ከላይ የሚደረበው በርኖስ ነው፣ የበግ ፀጉር። መንዝ ሄደሽ በጋቢ ብቻ እደሪ እስቲ። ሲተኙም ባና ይለብሳሉ።

የጎንደሯ፦ የመንዝን ብርድ ከዚህ ጋር አታወዳድር።

በርኖስ ለባሽ፦ ያመጣሽው አንቺ ነሽ!

መልስ፦ በርኖስና ባና ያልከው ልክ ነው። ሱፍ ቢረጥብም ጨርሶ አይከዳህም። እህቴ፣ ጋቢሽን ያዢው፣ ድንኳን ውስጥ በደረቅ ቦታ ልበሺው። እሳት ዳር ለብሰሽው ግን አትቀመጪ። ጠርዙ ፍም ከነካ ቶሎ ይያያዛል።

ጡረተኛው፦ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ከገጠር ወጥተን እዚህ የደረስነው ገንዘብ ከፍለን መሬት ላይ ለመተኛት ነው? ሐይቅ ካማራችሁ ወንጪ አለላችሁ።

የአምቦ ልጅ፦ አባቴ፣ ወንጪም ላይ ሰው ድንኳን ተክሎ ያድራል እኮ።

መልስ፦ ጋሼ፣ ወንጪን የሚተካ የለም። ውሃው ራሱ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ በተፈጥሮ እሳተ ገሞራ የሠራው። ዲፕ ክሪክ እንደ ቆቃ ነው፣ ሰው ለኤሌክትሪክ ገድቦ በፈረንጆቹ 1925 የፈጠረው። ሜሪላንድ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ሐይቅ የለም። መሬት ላይ መተኛትን ግን እንደ ማነስ አልቆጥረውም። እዚያው አጠገብ ስዋሎ ፎልስ የሚባል ፓርክ አለ። የመኪናው ሄንሪ ፎርድ፣ ቶማስ ኤዲሰንና የጎማ ፋብሪካው ባለቤት ሃርቪ ፋየርስቶን በ1918 እና በ1921 እዚያ ድንኳን ተክለው አድረዋል። ገንዘብ አጥተው አይደለም። ልጆቼ አባታቸው ያደገበትን ጨለማና ኮከብ ያዩት በዚህ ተራራ ላይ ነው። አብረውን ይምጡ፣ ወፍራም ምንጣፍ እኔ አመጣለሁ።

የአሌክሳንድሪያው፦ ዋይፋይ አለ?

መልስ፦ ለዋይፋይ ቤትህ ይሻልሃል።

የአሌክሳንድሪያው፦ ዋጋውስ?

መልስ፦ ይለዋወጣል። የፓርኩን ድረ ገጽ ተመልከት። ቦታ እስከ አንድ ዓመት ቀድሞ ይያዛል። ለሐምሌ ቅዳሜ በሰኔ መጨረሻ ፈልጋችሁ ስታጡ እኔን አትጠይቁኝ።

ጾመኛዋ፦ እረፍታችን ፍልሰታ ላይ ነው የዋለው። እዚያ ምን ይበላል? ድብ አለ ሲሉ ደግሞ ሰምቻለሁ።

መልስ፦ አለ። የሜሪላንድ ጥቁር ድቦች በብዛት ያሉት ምዕራቡ ላይ ነው፣ በተለይም ጋሬት ካውንቲ። ከምግቡ ልጀምር። የእኛ የመንገድ ስንቅ ለካምፒንግ የተሠራ ነው የሚመስለኝ። ድርቆሽ አይበላሽም፣ አይከብድም። በሶ እሳት አይፈልግም። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ልጆቹ በኪሳቸው ይዘው ተራራ ይወጣሉ። ማታ ሽሮ ሠርተሽ ድርቆሹን መፈርፈር ነው። በረዶ ሳጥን እንኳን አያስፈልግሽም።

ድቡን የሚያመጣው ሽታ ነው። ሽሮው፣ በርበሬው፣ የተበላበት ሳህን፣ የጥርስ ሳሙናው፣ ሽቶው፣ ሁሉም ማታ መኪና ውስጥ ይቆለፋል። መስኮቱም ይዘጋል። ድንኳን ውስጥ አንዲት ፍሬ ቆሎ አትደር። ድብ ካየሽ አትሩጪ። እያየሽው ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ ሂጂ። ምግብ መስጠት ፈጽሞ አይሞከርም።

አዲስ መጤ፦ እንጨት ከቤት ይዤ ብሄድስ? ጓሮዬ የተቆረጠ ዛፍ አለ።

መልስ፦ አይሆንም። ኤመራልድ አሽ ቦረር የሚባል አረንጓዴ ጥንዚዛ አለ። አሜሪካ ውስጥ በ2002 ሚሺጋን ላይ ተገኘ፣ በ2003 ሜሪላንድ ገባ። ትሉ ከቅርፊቱ ሥር እየበላ ዛፉን ያደርቀዋል። በራሱ ሩቅ አይበርም፣ ሰው ነው በመኪና የሚያጓጉዘው። እንጨት እዚያው ደርሳችሁ ግዙ።

ምን ይዤ ልሂድ ባይ፦ ጋሼ፣ በአጭሩ ምን ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

የቡና ወዳጅ፦ ጋሼ ከሰሉን አበዙት። እኛ ሲዘንብ ድንኳን በር ላይ በሩን ከፍተን ቡና እናፈላለን። እስከ ዛሬ ምንም አልሆንን።

መልስ፦ እሺ፣ ይህን በደንብ ልንገርሽ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ጭሱ ስለቆመ አደጋው አለፈ ማለት አይደለም። ፍም ሆኖ አመድ ከለበሰ በኋላም ለሰዓታት ይለቃል። ደማችን ከኦክስጅን ይልቅ ይህን ጋዝ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ትንሽ በትንሽ ይጠራቀማል። በር መክፈት አይበቃም። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሰው ሳያውቀው በሩን እየሳበ ያጠብበዋል።

የእኛ ሰው ላይ የሚከፋው ምን መሰለሽ? ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ እኔም እንዳንቺ አደረግሁ። ዘነበብን፣ ምድጃውን ወደ ድንኳኑ አፍ አስጠጋሁት። ባለቤቴ ራሴን አመመኝ አለች። ጠዋት ቡና ስላልጠጣች ነው ብዬ ቶሎ እንዲፈላ ፍሙን አራገብኩት። ከዚያ ትንሹ ልጄ አስመለሰው። ያኔ ነው የገባኝ። በሙያዬ በየሰው ቤት የዚህን ጋዝ ጠቋሚ መሣሪያ እየሰቀልኩ፣ የራሴን ልጆች በቡና ሱስ አሳብቤ ልገድላቸው ነበር። እየጎተትኩ ዝናብ ላይ አወጣኋቸው። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፉ።

ስለዚህ ከሰል አጠገብ ራሱን ያመመው ሰው ካለ ቡናው ነው አትበሉ። ሁሉንም ወደ ንጹሕ አየር አውጡ፣ 911 ደውሉ። የጋዝ ምድጃም ያው ነው፣ ድንኳን ውስጥ አይበራም። በባትሪ የሚሠራ የጋዝ ጠቋሚም ለሌሊት ያዙ፣ ግን እሱን ተማምናችሁ እሳት እንዳታስገቡ።

የሦስት ልጆች እናት፦ ይህን ለእናቴ አነበብኩላት። ምድጃውን ራሷ ከመኪናው አወረደችው።

ሙዚቃ አፍቃሪው፦ ማታ ስፒከር ይፈቀዳል?

መልስ፦ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ጸጥታ ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን ጎረቤት አለ።

የቡና ወዳጅ፦ እሺ ጋሼ፣ ገባኝ። ዝናብ ከመጣ ግን ቡናው የት ይፈላል?

መልስ፦ ከላይ ብቻ የሚሸፍን፣ በራሱ እግር የሚቆም ተጣጣፊ ዳስ ግዢ። ከድንኳኑ ራቅ አድርገሽ ትከይው። አራቱም ጎኑ ክፍት ይሁን፣ ንፋስ መጣ ብለሽ ብርድ ልብስ አትጋርጂበት። የጣሪያው ጨርቅ እሳት እንዳያገኘው ምድጃው ዝቅ ይበል። ቡናውን ቤት ቆልተሽና ፈጭተሽ ከመጣሽ እሳቱ የሚያስፈልግሽ ለጀበናው ብቻ ነው። ሲያልቅ ፍሙን ውሃ አፍስሽበት፣ አማስዪው፣ ደግመሽ አፍስሽበት። ለሌሊት የሚሆነውን ቡና በፔርሙዝ አስቀምጪ።

አሁን ሥራ ተጠርቻለሁ። የቀረውን ማታ እመልሳለሁ።