ከሬዲዮው መዝገብ ውጪ ያለው ገንዘብ

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ጻፈችልኝ። የመመረቂያ ጽሑፏ ስለ አንድ ክልል ሬዲዮና ቴሌኮም ነው። «የጣቢያው የማስታወቂያ ገቢ ትንሽ ነው፣ ሠራተኞቹም ጥቂት ናቸው። ለክልሉ ኢኮኖሚ አስተዋጽኦ አለው ማለት እችላለሁ?» ትላለች። ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳኝ፤ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ወጣት ሳለሁ አንድ የክልል ጣቢያ ድጎማው ይቀጥልለት ወይስ ይቁም የሚለውን እንድናጠና ተላክን። የተሰጠን ቅጽ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ስንት ሰው ቀጠረ፣ ስንት ደመወዝ ከፈለ፣ ስንት ግብር አስገባ። እሱን ሞልተን ገበያ ወጣን። አንድ እህል ነጋዴ የጠዋቱን የገበያ ዋጋ በሬዲዮ ሳይሰማ መኪና እንደማያስጭን ነገረን። አንዲት ገበሬ ዋጋውን ቀድማ በመስማቷ ደላላው በነገራት ዋጋ እንዳልሸጠች አጫወተችን። ሾፌሮቹ መንገድ መዘጋቱን የሚያውቁት ከሬዲዮ ነበር። የማሠራጫው ቴክኒሽያን ትዝ ይለኛል። መብራት ሲጠፋ በሌሊት ተነስቶ ጄኔሬተር የሚያስነሳው እሱ ነው። «ጠዋት ዋጋ ይነበባል፣ እንዴት ልተኛ?» ይል ነበር። እንደሱ ያለ ሠራተኛ ከዚያ ወዲህ ብዙ አላየሁም።

የሰማሁትን ሁሉ አንድ ምዕራፍ አድርጌ ጻፍኩ። አለቃችን «ይሄ ወሬ ነው፤ ገንዘቡን አሳየኝ» አለኝ። ተከራከርኩ፣ አልሰማኝም። ምዕራፉ ከሪፖርቱ ወጣ። ድጎማው ቆመ፣ የዋጋው ፕሮግራምም አብሮ ቀረ። እነዚያ ሰዎች ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደከሰሩ የለካ የለም። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

አለቃችን የጠየቀውን ገንዘብ ከዓመታት በኋላ ሮበርት ጄንሰን የተባለ ኢኮኖሚስት አሳየ። ቦታው ሕንድ፣ ኬረላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ባዳጋራ በተባለ የባሕር ዳርቻ ገበያ አንድ ጠዋት 11 ዓሣ አጥማጆች ገዢ አጥተው የያዙትን ደፉ። በ15 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ግን 27 ገዢዎች ዓሣ አጥተው ባዶ እጃቸውን ሊመለሱ ነበር። እስከ 2001 ባለው ጊዜ ሞባይል በአካባቢው ተዳረሰ። አጥማጆቹ ገና ባሕር ላይ ሳሉ እየደወሉ ዋጋ መጠየቅ ጀመሩ። ከዚያ በፊት ከሚያዘው ዓሣ ከ5 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ይባክን ነበር፤ ያ ብክነት ጠፋ። የአጥማጁ ትርፍ በአማካይ 8 በመቶ ጨመረ፣ የሸማቹ ዋጋ ደግሞ 4 በመቶ ቀነሰ። ይህ ጥቅም በስልክ ኩባንያው ሒሳብ ውስጥ አይታይም። ኩባንያው ያገኘው የደወሉበትን ብቻ ነው።

ሬዲዮ ላይ ነገሩ ይብሳል። አድማጭ አይከፍልም። ስለዚህ የሰማው ነገር ስንት እንደጠቀመው የሚያሳይ ደረሰኝ የለም።

እናንተ የዛሬ ልጆች ግን ሌላ ችግር አለባችሁ። ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣችሁ ማባዣ ቁጥር፣ ማለትም አንድ ብር ገቢ በክልሉ ውስጥ ስንት ብር እንደሚያንቀሳቅስ የሚገምት ቁጥር፣ ትፈልጋላችሁ፣ ገቢውን በሱ ታበዙና አስተዋጽኦው ይህ ነው ትላላችሁ። ግን የጣቢያው መሣሪያ ከውጭ የተገዛ ከሆነ ያ ገንዘብ ክልሉ ውስጥ አልቀረም። ማስታወቂያውም ከአካባቢው ጋዜጣ ወደ ሬዲዮ ዞሮ ከሆነ ለክልሉ አዲስ ገቢ አይደለም። እነዚህን ሳይቀንሱ መደመር ሰው ማታለል ነው። ገበያ ወጥታችሁ ሰው አነጋግሩ እላለሁ። ይህን ስል ግን እኛ ለወራት የለፋንበትን መረጃ እናንተ በአንድ ሌሊት እንደምትሰበስቡ አውቃለሁ። ያኔ ቢኖረኝ ያ ምዕራፍ አይወጣም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እቀናባችኋለሁ።

ልጄ፣ አዎ፣ ማለት ትችያለሽ። ደመወዙንና ግብሩን በአንድ ገጽ ጨርሺው። ሰዎቹን ስታነጋግሪ «ሬዲዮ ይጠቅምዎታል?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሁሉም አዎ ይላል። ሥርጭት ወይም ኔትወርክ የጠፋበትን የመጨረሻ ቀን አስታውሺያቸው። ያን ቀን ምን ሳይሸጡ ቀሩ? የት ድረስ በከንቱ ሄዱ? በስንት ሸጡ፣ የዚያን ቀን ዋጋ ሌላ ገበያ ላይ ስንት ነበር? ልዩነቱን ጻፊው። ጣቢያው ወደማይሰማበት ወረዳም ሂጂና የዚያን ወረዳ ዋጋና ጣቢያው የሚሰማበትን ወረዳ ዋጋ ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው።