ሥነ ልቦና ተምራ ጂን ያስገኘችው ሴት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ባለፈው እትም በዘር ስለሚተላለፉ የአንጎል በሽታዎች ስንጽፍ የአሜሪካዊቷን ተመራማሪ የናንሲ ዌክስለርን ስም ጠቅሰን አልፈን ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ደስ ብሎኛል፤ የእሷ ታሪክ በሁለት መስመር የሚታለፍ አይደለምና። ዛሬ አምዱን በሙሉ ለእሷና ዕድሜዋን ለሰጠችው ለሀንቲንግተን በሽታ ትቼዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያለፈውን ላላነበባችሁ፦ ሀንቲንግተን ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ሰውነትን ያለ ፈቃድ ያወራጫል፣ ጠባይን ይለውጣል፣ ማሰብንና መናገርን ቀስ በቀስ ይነጥቃል። ስሙን ያገኘው በ1872 በሽታውን በጽሑፍ ከገለጸው ከወጣቱ ሐኪም ከጆርጅ ሀንቲንግተን ነው። አባቱም አያቱም በአሜሪካ ሎንግ አይላንድ ሐኪሞች ስለነበሩ፣ ያንኑ ቤተሰብ በሦስት ትውልድ ሐኪም ዓይን ማየት ችሏል።

ጥያቄ፦ የሥነ ልቦና ተማሪ ነኝ። የአንጎል በሽታዎች ምርምር ውስጥ መግባት እመኛለሁ፤ ጓደኞቼ ግን «ባዮሎጂ ሳትማሪ የት ልትገቢ ነው?» ይሉኛል። ናንሲ ዌክስለር ሥነ ልቦና ነበር የተማረችው ያላችሁት እውነት ነው?

እውነት ነው እህቴ። በ1974 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን ያገኘችው በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ነው። ጥናቷም ወላጃቸው ሀንቲንግተን ያለበት ልጆች፣ «ይይዘኝ ይሆን?» የሚለውን ጥያቄ ተሸክመው እንዴት እንደሚኖሩ የሚመረምር ነበር። ይህን ርዕስ ከመጽሐፍ አላገኘችውም። በ1968 እናቷ ሊዮኖር ሀንቲንግተን እንዳለባቸው ታወቀ። እናትየው መንገድ ሲሻገሩ ሲንገዳገዱ ያየ ፖሊስ «በጠዋቱ መስከር አያሳፍርሽም?» ብሎ ተቆጥቷቸው ነበር። ሦስት ወንድሞቻቸውም በዚሁ በሽታ ነው ያለቁት። አባቷ ሚልተን፣ እሱም የሥነ ልቦና ሰው ነው፣ ሁለቱን ሴት ልጆቹን አስቀምጦ እያንዳንዳቸው ሃምሳ በመቶ የመያዝ ዕድል እንዳላቸው ነገራቸው። እህቷ አሊስ የታሪክ ተመራማሪ ሆነች፤ ናንሲ ወደ ምርምሩ ገባች።

አባትየው በዚያው ዓመት የዘር በሽታዎች ምርምርን የሚደግፍ ድርጅት አቋቋመ። የሠሩበት ዘዴ ነው የሚገርመኝ። ታላላቅ ስሞችን ሰብስበው የተዘጋጀ ንግግር ከማሰማት ይልቅ፣ ከተለያየ ሙያ የመጡ ወጣት ሳይንቲስቶችን በአንድ ክፍል አስቀምጠው ያለ ስላይድ፣ እንደ ልባቸው እንዲከራከሩ ያደርጉ ነበር። በሽተኛም ይጋበዛል። ሕይወቱን በሙሉ የሙከራ ቱቦ ሲያይ የኖረ ሰው፣ የሚያጠናውን በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ሲያየው ምን ሊሰማው እንደሚችል አስቢው።

ስለዚህ ለጓደኞችሽ መልስ አለሽ። ይህን ስል ግን ባዮሎጂ አያስፈልግሽም ማለቴ አይደለም፤ ናንሲም ተምራዋለች፣ ያውም ከሳይንቲስቶቹ ጋር እየተቀመጠች እየጠየቀች። አንቺም የጄኔቲክስ መሠረታዊ ኮርስና ስታቲስቲክስ አሁኑኑ ጀምሪ። ታማሚን ማዳመጥ ግን ትልቅ ሙያ ነው፤ በላብራቶሪ ያሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጎድላቸው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ለምን ቬንዙዌላ ድረስ ሄደች? አሜሪካ ውስጥ በሽተኛ ጠፍቶ ነው?

በሽተኛስ አልጠፋም። የጠፋው ትልቅ ቤተሰብ ነው። ጂን የት እንዳለ ሳታውቅ ለመፈለግ፣ በሽታው ከወላጅ ወደ ልጅ ሲወርድ አብሮት የሚወርድ የዲኤንኤ ምልክት ማግኘት አለብህ። ምልክቱና በሽታው ሁልጊዜ አብረው ከተገኙ ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ነው። ይህን በእርግጠኝነት ለመናገር በጣም ብዙ ዘመዳሞች ያስፈልጋሉ፤ የታመሙም ያልታመሙም።

በ1955 አሜሪኮ ኔግሬቴ የተባለ የቬንዙዌላ ሐኪም፣ በማራካይቦ ሐይቅ ዳርቻ ሰካራም እየተባሉ የሚናቁት ሰዎች ሀንቲንግተን ያለባቸው መሆኑን ጽፎ ነበር። በ1972 በሽታው በጽሑፍ የተገለጸበት መቶኛ ዓመት በአሜሪካ ኦሃዮ ሲታሰብ ሌላ ቬንዙዌላዊ ሐኪም፣ ራሞን አቪላ ሂሮን፣ ስለነዚህ ሰዎች የተቀረጸ ፊልም አሳየ። ናንሲ አዳራሹ ውስጥ ነበረች። በ1979 ራሷ ሄደች፤ ከ1981 ጀምሮ ደግሞ ቡድን ይዛ ከሃያ ዓመት በላይ በየዓመቱ ተመላለሰች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ጽሑፎች ይህን ዘለው በቀጥታ ወደ ግኝቱ ይሄዳሉ። ሰዎቹ ድሆች ነበሩ፣ ብዙዎቹ ዓሣ አጥማጆች፤ አንዳንዶቹ የሚኖሩት ውሃው ላይ በተሠሩ ቤቶች ነው። የውጭ ሰው መጥቶ ደምና የቆዳ ቁራጭ ሲጠይቃቸው ለምን እሺ ይላሉ? ናንሲ እናቷ የሞቱት በዚሁ በሽታ እንደሆነ፣ እሷም ቁራጭ ቆዳ እንደሰጠች ነገረቻቸው። አላመኗትም። በሽታው እነሱ ጋ ብቻ ያለ ይመስላቸው ነበር። በኋላ የቡድኑ ነርስ የናንሲን ክንድ ይዛ ጠባሳውን ለሕዝቡ እያዞረች አሳየች፤ «ምልክቱ አላት!» እያለች። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተለወጠ፤ ናንሲ እንደ ቤተሰብ ተቆጠረች።

ቡድኑ በመጨረሻ ከ18,000 በላይ ሰዎችን የያዘ የዘር ሐረግ ሠራ፣ ወደ 4,000 የሚጠጋ የደም ናሙናም ሰበሰበ። ማን የማን ልጅ ነው፣ ማን መቼ ታመመ፣ ማን ሞተ፣ ሁሉም ቤት ለቤት ተጠይቆ። ደሙ ቦስተን ወደሚገኘው ወደ ጄምስ ጉሴላ ላብራቶሪ ተላከ። ብዙዎች ፍለጋው አሥርት ዓመታት ይፈጃል ብለው ነበር። በ1983 ግን ጉሴላና ባልደረቦቹ ምልክቱን አራተኛው ክሮሞዞም ላይ አገኙት። የበሽታ ጂን ያለበት ቦታ በዚህ የዲኤንኤ ምልክት ዘዴ ሲገኝ፣ ስለ ጂኑ ምንም ሳይታወቅ ማለት ነው፣ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይህ ነበር፤ ለብዙ ሌሎች የዘር በሽታዎችም በር ከፈተ።

የማራካይቦ ሰዎች ለዓለም የሰጡትን ያህል ተመልሶላቸዋል ወይ ካላችሁኝ፣ አልተመለሰላቸውም። ናንሲና ባልደረቦቿ ሕክምና ይሰጡ ነበር፤ በ1999ም ለታማሚዎች የእንክብካቤ ቤት ተከፍቶ ነበር፤ እሱም በኋላ ተዘጋ። አዳዲሶቹ መድኃኒቶች የሚሞከሩት በአብዛኛው በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ነው። ይህ ያናድደኛል፤ ሳልጽፈው ማለፍ አልፈለግሁም።

ጥያቄ፦ በሽታው አንድ ትውልድ ዘሎ ይመጣል ይባላል። ደግሞ ከአባት ወደ ሴት ልጅ አይተላለፍም ሲሉም ሰምቻለሁ።

ሁለቱም ስህተት ነው። ወንድም ሴትም እኩል ይወርሱታል፤ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ሃምሳ በመቶ። «ሁለት ወንድሞቼ ስለታመሙ እኔ ተረፍኩ» ማለት አይቻልም። ጂኑን ያልወረሰ ሰውም ለልጁ አያወርስም። የዘለለ የሚመስለው ብዙውን ጊዜ ጂኑ የነበረበት ሰው ምልክቱ ሳይታይበት በሌላ ምክንያት ቀድሞ ሲሞት ነው።

ጥያቄ፦ ጂኑ ተገኘ ካላችሁ መድኃኒቱ የታለ? ሳይንቲስቶች ጊዜ እየገደሉ አይደለም ወይ?

ቁጣህ ይገባኛል፤ በታማሚ ቤተሰብ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚለው ነው። ግን ጊዜ እየገደሉ አይደለም።

በ1983 የተገኘው ሰፈሩ እንጂ ቤቱ አልነበረም። ጂኑን ራሱን ለማግኘት ስድስት የምርምር ቡድኖች፣ 58 ሳይንቲስቶች፣ አሥር ዓመት ፈጀባቸው፤ በ1993 ተገኘ። ጥፋቱ ቀላል ይመስላል። ሲኤጂ የሚባሉ ሦስት የዲኤንኤ ፊደሎች ከሚገባው በላይ ይደጋገማሉ። እስከ 26 ጊዜ ቢደጋገሙ ችግር የለም። ከ36 እስከ 39 ከሆነ ሊታመምም ላይታመምም ይችላል። 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውየው መደበኛ ዕድሜ እስከኖረ ድረስ ይታመማል።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። ጂኑ የሚያሠራው ፕሮቲን ጤነኛው ዓይነት ለሰውነት ያስፈልጋል፣ ዝም ብለህ አታጠፋውም። የሚጎዱት ህዋሶች ደግሞ አንጎል ውስጥ ጥልቅ ቦታ ናቸው። እስካሁን ያሉት መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ በ2008 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ቴትራቤናዚን፣ መወራጨቱን ይቀንሳሉ እንጂ በሽታውን አያቆሙም። ብዙ ተስፋ የተጣለበት ቶሚነርሰን የተባለ መድኃኒትም በ2021 በመጨረሻው የሙከራ ደረጃ ላይ ለታማሚዎች መሰጠቱ ተቋረጠ፤ ብዙ ቤተሰቦች ልባቸው ተሰበረ።

እኔን ተስፋ የሚሰጠኝ ሌላ መንገድ ነው፤ እሱም መልሶ ወደ ማራካይቦ ይወስደናል። ተመሳሳይ የድግግሞሽ ቁጥር ያላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ በ35፣ ሌላው በ50 ሊታመም ይችላል። ለምን? ናንሲና ባልደረቦቿ በ2004 እነዚያን ቤተሰቦች አይተው፣ ልዩነቱን ሌሎች ጂኖችና አካባቢም እንደሚወስኑት አሳዩ። ከ2015 ጀምሮ የወጡ ትልልቅ ጥናቶች ከነዚህ ጂኖች ብዙዎቹ ዲኤንኤን የሚጠግኑ መሆናቸውን አገኙ። በ2025 የወጣ ሥራ ደግሞ በአንጎል ህዋስ ውስጥ ድግግሞሹ በሕይወት ዘመን ሁሉ እየረዘመ እንደሚሄድ፣ ከ150 ገደማ ሲያልፍ ደግሞ ህዋሱን ማበላሸት እንደሚጀምር አሳየ። ይህ ማለት ማርዘሙን ማቆም ወይም ማዘግየት ከተቻለ፣ ሰውየው ሳይታመም ማርጀት ይችል ይሆናል። አሁን ብዙ ላብራቶሪዎች የተረባረቡት እዚህ ላይ ነው። በዚያው ዓመት አንጎል ውስጥ በቀዶ ሕክምና የሚሰጥ የጂን ሕክምናም በጥቂት ታማሚዎች ላይ የበሽታውን ፍጥነት እንደቀነሰ ተነግሯል። ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ ግን አሁኑኑ «ተፈወሰ» የሚል ርዕስ ካየህ አትመን።

ጥያቄ፦ አባቴ ሀንቲንግተን አለባቸው። እኔ 27 ዓመቴ ነው። እህቴ «ተመርመሪና ገላግይን» ትለኛለች፤ እኔ ፈራሁ። ናንሲ ራሷ ተመርምራ ነበር?

የኔ እህት፣ መጀመሪያ አይዞሽ። መፍራትሽ ትክክል ነው፤ ሊያስጨንቅ የሚገባ ነገር ነው።

ናንሲ ምርመራው እንዲኖር ከማንም በላይ የለፋች ሰው ናት። ተመርምራ እንደሆነ ሲጠይቋት ግን ለረጅም ጊዜ ለሕዝብ አልተናገረችም፤ መልሷ ሌሎችን እንዳይጫን። በ2020፣ በ74 ዓመቷ፣ በሽታው እንዳለባት በይፋ ተናገረች። የሚያውቋት ከአረማመዷና ከንግግሯ ቀድመው ጠርጥረው ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ማራካይቦ ስትመላለስ፣ ታማሚ አቅፋ ስትቀመጥ፣ የምታየው የራሷን ነገ ሊሆን እንደሚችል እያወቀች ነው።

አሁን ወደ አንቺ። አደጋው ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ አስቀድመው መመርመርን አይመርጡም፤ ይህ ፍርሃት ወይም ኋላ ቀርነት አይደለም። መፈወሻ ለሌለው ነገር ያለማወቅ መብት አለሽ፣ እህትሽም ብትሆን ይህን መብት አትወስድብሽም። የሚመረመሩም ትክክል ናቸው፤ ልጅ ለመውለድ ወይም ሕይወታቸውን ለማቀድ ማወቅ የግድ የሚሆንባቸው አሉ። እሷ ማወቅ ከፈለገች ራሷ ትመርመር፤ የአንቺ ደም የእሷን አይነግራትም። ያኔም ቢሆን ውጤቷን ሳትጠይቂ እንዳትነግርሽ ከአሁኑ ተነጋገሩ።

ከወሰንሽ በአንድ ቀን አይደረግም፣ መደረግም የለበትም። መጀመሪያ የጄኔቲክ ምክር ባለሙያ ታገኛለሽ፣ ከዚያ የነርቭ ሐኪም ያይሻል፣ ከዚያ ነው ደም የሚወሰደው። ውጤቱን በአካል ነው የሚነግሩሽ፤ የምታምኚውን ሰው ይዘሽ ሂጂ። ደም ከሰጠሽ በኋላም «ውጤቱን አልፈልግም» ማለት ትችያለሽ። በፖስታ የሚላክ ምርመራ ግን በጭራሽ እንዳትሞክሪ። ልጅ የመውለድ ሐሳብ ካለሽም፣ የራስሽን ውጤት ሳትሰሚ ጽንሱ ጤነኛ እንዲሆን የሚያስችል ዘዴ ስላለ ባለሙያውን ጠይቂ።

ሌላው ኢንሹራንስ ነው። በየአገሩ ሕጉ ይለያያል። በአሜሪካ በ2008 የወጣው ሕግ በጤና መድንና በሥራ ቅጥር አድልዎ እንዳይደረግ ይከለክላል፤ የሕይወት መድንን ግን አይሸፍንም። ስለዚህ የምትኖሪበትን አገር ሕግ ደም ከመስጠትሽ በፊት አጣሪ፤ ውጤቱ መዝገብ ላይ ከሰፈረ በኋላ መመለሻ የለውም።