ከፀሐይ የሚቀድም ውሃ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራሉ፤ ወጣት ኮከቦችን ከብበው ስለሚሽከረከሩት፣ ፕላኔቶች ስለሚጠነሰሱባቸው የጋዝና የአቧራ ዝርጎች፣ በውስጣቸውም ስለተገኙት ውሃና ኦርጋኒክ ሞለኪውሎች።

«ማን ሄዶ ቀምሶ ነው ውሃ መሆኑን ያወቀው?» (ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ፣ ከዚራ)

አባባ፣ የሄደ የለም፤ የመጣው ብርሃኑ ነው። በሚያዝያ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የድንጋይ ግድግዳ አጠገብ ሲቆሙ ፊትዎን የሚለበልበው ታህተ ቀይ ጨረር ነው፤ ዓይን አያየውም፣ ቆዳ ግን ያውቀዋል። የጋለ የውሃ ተንም ይህንኑ ጨረር ይረጫል፤ የሚረጭባቸው የሞገድ ርዝመቶች ግን የራሱ ብቻ ናቸው። በ2008 እ.ኤ.አ. ስፒትዘር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ኤኤ ታውሪ በተባለ ኮከብ ዙሪያ ውሃን፣ ሃይድሮጅን ሳያናይድንና አሴቲሊንን የለየው በዚህ መንገድ ነው። አሴቲሊኑን እርስዎ በጥገና ክፍል ብረት ሲበየድበት አይተውታል፤ ያው ራሱ ነው።

«ኦርጋኒክ ሞለኪውል ተገኘ ማለት ሕይወት ተገኘ ማለት ነው?» (ተማሪ፣ ሐረር)

አይደለም፣ የኔ ልጅ። ካርቦንን መሠረት ያደረገ ውህድ ማለት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ቲደብሊው ሃይድሬ በተባለ ኮከብ ዝርግ ውስጥ የተገኘው ሜታኖል ኦርጋኒክ ነው፤ ሰው ቢጠጣው ግን ይገድለዋል።

«ውሃው በረዶ ነው ወይስ እንፋሎት?» (የቤት እመቤት፣ ሳቢያን)

እትዬ፣ እንደ ርቀቱ ነው። ከድሬ በላብ ተጠምቀው ተነሥተው ደንገጎን ሲወጡ ነጠላ መደረብ የሚያሰኝዎት ቦታ አለ አይደል? ኮከብም እንዲህ ያለ መስመር አለው፤ ከወዲህ ተን፣ ከወዲያ በረዶ። በረዶው አቧራው ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ለመለየት ያስቸግራል። ቪ883 ኦሪዮኒስ የተባለው ኮከብ ግን በድንገት ደምቆ ዝርጉን ስላሞቀው በረዶው ተነነ። በቺሊ አታካማ በረሃ፣ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያሉት አልማ የተባለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ አንቴናዎች ተኑን መዘኑት፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ከምድር ውቅያኖሶች ቢያንስ 1,200 እጥፍ ውሃ አገኘ። እኔን ያስደነቀኝ ሌላው ግኝት ነው። በውስጡ ያለው የከባድ ውሃ (ከተራው የሚከብድ ሃይድሮጅን ያለበት፣ በብርቱ ቅዝቃዜ የሚበዛ ውሃ) ድርሻ በእኛ ጅራታም ኮከቦች ካለው ጋር ይቀራረባል። ይህም ውሃው ኮከቡ ከመወለዱ በፊት በቀዝቃዛው ደመና ተሠርቶ ሳይበተን እንደመጣ ያመለክታል። የእኛም ውሃ እንዲሁ ከሆነ፣ ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተወው የድሬ ውሃ፣ ቢያንስ በከፊል፣ ከፀሐይ ይቀድማል ማለት ነው።

«ከዚህ ይታያል?» (ስም ያልጻፈ አንባቢ)

ቪ883 ኦሪዮኒስ በዓይን አይታይም፤ 1,300 የብርሃን ዓመት ይርቃል። አቅጣጫውን ግን ማየት ይቻላል። በጥር፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ አናትዎ አጠገብ የተደረደሩትን ሦስት ኮከቦች ይፈልጉ፤ ከእነሱ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ነው።