ሮቦታችሁ ለምን በቀላሉ ይገፋል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የኛ የመጀመሪያ ዓመት ትዝ አለኝ። ያልሽው እንዲህ ነው። የልጅሽ ትምህርት ቤት ቡድን በኤፍ አር ሲ (የሃይስኩል ተማሪዎች ሮቦት ሠርተው በሚገጥሙበት ውድድር) ይወዳደራል፤ ሮቦታቸው በየግጥሚያው እየተገፋ ከቦታው ይነሳል፤ የሞተሩን ብዛት ከ4 ወደ 6 አሳደጉት፤ ለውጥ የለም። አሁን ወላጆች የባሰ ጉልበተኛ ሞተር ለመግዛት እያዋጣችሁ ነው። እባካችሁ ገንዘቡን ለጊዜው ያዙት።

እኔ እዚህ ሜሪላንድ አንድ የሃይስኩል ቡድን በበጎ ፈቃድ ሳግዝ 6 ዓመት ሆነኝ። የምነግርሽን አብዛኛውን ተሸንፈን ነው የተማርነው።

አገር ቤት በክረምት ባዶ ፒክአፕ ጭቃ ውስጥ ሲገባ አይተሻል። ሹፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ የኋላ ጎማው እዚያው ይሽከረከራል፣ ጭቃ ይረጫል፣ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ሞተሩ አቅም አላነሰውም። ከዚያ አንዱ "ከኋላ ውጡበት!" ይላል። አራት አምስት ጎረምሳ ሲጫንበት ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ ይወጣል። የናንተም ሮቦት ከዚህ አይለይም። የመግፋት አቅሙ ጣሪያ አለው፤ ጣሪያው ሞተር በሚያዞራቸው ጎማዎች ላይ ያረፈው ክብደት በጎማውና በምንጣፉ መካከል ባለው ሰበቃ ሲባዛ የሚመጣው ነው። ሞተር ብትደረድሩ ከዚያ አያልፍም።

ስለዚህ መጀመሪያ በሽታውን እወቁ። ሮቦቱን ከግድግዳ አስጠግታችሁ ለሁለት ሰከንድ ያህል ሙሉ ግፊት ስጡት። ከሥሩ የውድድሩን ዓይነት ምንጣፍ አንጥፉ። እኛ በክፍሉ ልሙጥ ወለል ላይ እየሞከርን ስንት ሳምንት ራሳችንን አታለልን! ጎማው እዚያው ከተሽከረከረ ችግሩ ጎማው ወይም የክብደቱ አቀማመጥ ነው። ጎማው ቀጥ ብሎ ሞተሩ ብቻ ካጓራ ደግሞ ችግሩ ማርሹ ነው።

ጎማው የሚሽከረከር ከሆነ ስንት ጎማ በሞተር እንደሚዞር ቁጠሩ። የኛ የመጀመሪያ ሮቦት ሞተር የሚያዞረው የኋላዎቹን ሁለቱን ብቻ ነበር። ባትሪውን፣ ያንን 6 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነገር፣ የት እንዳስቀመጥነው ገምቺ። ከፊት! ዝም ብሎ በሚንከባለለው ጎማ ላይ። በሚቀጥለው ዓመት 6 ጎማ አደረግንና ሁሉንም በሰንሰለት አገናኘናቸው። መካከለኛዎቹን ሁለቱን ወደ 3 ሚሊሜትር ዝቅ አደረግናቸው። ያለዚያ ስድስቱም እኩል መሬት ስለሚነኩ፣ ሲታጠፍ የዳር ጎማዎቹ ወደ ጎን እየተጎተቱ ሮቦቱ ይንገጫገጫል። መካከሉ ዝቅ ሲል ግን በአንድ ጊዜ ምንጣፉን የሚነኩት አራቱ ናቸው፤ መታጠፉም ይቀለዋል። ከዚያ በኋላ ማንም እንደ ፈለገ ገፍቶን አያውቅም።

ሜካነም ጎማ (ዙሪያውን ሰያፍ ትንንሽ ተሽከርካሪዎች ያሉት) ከሆነ ያላችሁ፣ ልጆቹ እንደሚወዱት አውቃለሁ። ወደ ጎን ሲንሸራተት ማየት እኔንም ደስ ይለኛል። ግን ለመገፋፋት አልተሠራም። ስወርቭ፣ ማለትም እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው አቅጣጫ የሚቀይርበት አሠራር፣ ሌላ ነው። አራቱም ጎማዎች በሞተር ይዞራሉ፣ ሲገፉት ደግሞ ጎማዎቹን በኤክስ ቅርጽ አዙሮ መቆም ይችላል። አቅም ካላችሁ እሱ ነው፤ ዋጋው ግን ያማል።

የጎማውን ላስቲክ ለመምረጥ የሻንጣ ሚዛን ይበቃል። አበሻ ቤት ደግሞ መቼም የሻንጣ ሚዛን አይጠፋም። ጎማዎቹን እንዳይዞሩ አድርጋችሁ ከጣውላ ሥር እሰሩ፣ ጠቅላላው 20 ኪሎ እስኪሆን ጫኑበት፣ ምንጣፉ ላይ በሚዛኑ በአግድም ጎትቱት። ሲነቃነቅ ሚዛኑ 22 ካለ የሰበቃው መጠን 1.1 ነው። ከ1 መብለጡ አያስደንግጣችሁ፤ ላስቲኩ የምንጣፉን ክሮች ስለሚነክስ ነው። ያረጀውንና አዲሱን አወዳድሩ። ያለቀ ላስቲክ ምን ያህል እንደሚያሳጣ ስታዩ ትገረማላችሁ። አንድ ልጅ መቼም "ለምን ብረት ጥርስ አንገጥምለትም?" ማለቱ አይቀርም። ምንጣፍ የሚጎዳ ነገር በሕጉ ክልክል ነው።

አሁን ወደ ማርሹ። እኔ ካምቢዮ ስል ልጆቹ ይስቁብኛል፣ እነሱ ጊርቦክስ ነው የሚሉት። ሮቦቱ ከነባትሪውና ከነመከላከያው 68 ኪሎ ነው እንበል። ሰበቃው 1.1 ከሆነ ጎማዎቹ ከመንሸራተታቸው በፊት ወደ 730 ኒውተን ይገፋሉ። ዲያሜትሩ 4 ኢንች በሆነ ጎማ ይህ 37 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የማዞር ጉልበት) ይጠይቃል። በውድድሩ የቆየው ሲም የሚባለው ሞተር 40 አምፒር ሲስብ 0.7 ኒውተን ሜትር ያህል ይሰጣል፤ አራቱ 2.8። 37ን ለ2.8 ስታካፍሉት 13 ይመጣል። ማርሹ 13 ለ 1 ይሁን ማለት ነው፤ ሞተሩ 13 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። በመንገድ የሚባክነውን አልቆጠርኩም፣ ትንሽ ጨምሩበት።

40 አምፒርን የመረጥኩት የእያንዳንዱ ሞተር ብሬከር (ኤሌክትሪኩ ሲበዛ የሚቆርጠው) የሚፈቅደው ስለሆነ ነው። አንድ ዓመት ልጆቹ ፍጥነት አማራቸውና 6 ለ 1 አደረጉት። በዚያ ማርሽ ጎማው እስኪንሸራተት ለመግፋት እያንዳንዱ ሞተር ከ80 አምፒር በላይ ይፈልጋል። ባትሪው ከየት ያመጣዋል? ቮልቱ ከ7 በታች ወረደ፣ ሮቦሪዮው (የሮቦቱ ኮምፒውተር) ራሱን ለማዳን ሞተሮቹን አጠፋ፣ ሮቦታችን መሃል ሜዳ ላይ ድርቅ ብሎ ቀረ። ባላጋራችን እንደ ጋሪ እየገፋ ወሰደው።

13 ለ 1 ግን አዝጋሚ ነው፤ ቢበዛ በሰከንድ 2 ሜትር ገደማ ነው። የጨመራችሁት ሁለት ሞተር የሚጠቅመው እዚህ ነው። በ6 ሞተር 9 ለ 1 ይበቃል፤ ያንኑ ግፊት ይዛችሁ ፍጥነቱ ወደ 3 ሜትር ይወጣል። ሞተር ጨምራችሁ ማርሹን እንደነበረው ከተዋችሁት ግን ምንም ለውጥ አለማየታችሁ አይገርምም።

የግድግዳውን ሙከራ ቅዳሜ ሞክሩትና ጎማው ዞረ ወይስ ቆመ የሚለውን እዚሁ ጻፊልኝ። የማርሹን ቁጥር፣ የጎማውን ዲያሜትርና ባትሪው የተቀመጠበትን ቦታ ፎቶ ብትጨምሪበት ደግሞ ሂሳቡን አብረን እንሠራዋለን።