በዲትሮይት ወተት ሳይበላሽ እንዴት ይቆይ ነበር?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ወተት ከገበሬ እየተቀበልሁ አከፋፍላለሁ። የአገራችን ብርድ ስለሚያግዘኝ የማታው ወተት እስከ ጠዋት አይበላሽብኝም፤ ወደ ሸዋ ሮቢት የላክሁት ግን ከቆላው ሙቀት የተነሣ ረግቶ የደረሰበት ቀን አለ። ልጄ ስለ አሜሪካዊቷ የመኪና ከተማ ስለ ዲትሮይት ስታነብልኝ፣ የዛሬ መቶ ዓመት ፍሪጅ ያለው ቤት ጥቂት እንደነበረ ሰማሁ። ያ ሁሉ ሕዝብ ወተቱን በምን ያቆየው ነበር? የከተማውንስ ወሬ ከየት ይሰማ ነበር?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወሬውን ላስቀድም። ሕዝቡ ወሬ የሚያገኘው በዋናነት ልጆች በየመንገዱ እየጮሁ ከሚሸጡት ጋዜጣ ነበር፤ ከነሐሴ 1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ዲትሮይት ኒውስ የተባለው ጋዜጣ በራሱ የሬዲዮ ጣቢያ ማሰራጨት ጀመረ፤ በዚያው ወር መጨረሻም የምርጫ ውጤት አሰማ። የዘመኑ ትልቅ ወሬ የመጠጥ ክልከላው፣ ማለትም በአሜሪካ የአልኮል መጠጥ መሥራትና መሸጥ በሕግ መከልከሉ ነበር። በዚያ አገር የብርዱ ወራት ሲገባ የዲትሮይት ወንዝ በረዶ ሆኖ ስለሚረጋ፣ ኮንትሮባንዲስቶች ከካናዳ ዊስኪ ጭነው በበረዶው ላይ መኪና ይነዱ ነበር፤ በረዶው የሳሳበት ቦታ ላይ ከነጭነቱ የሰመጠም አለ።

ወተቱንም ያቆየው ያው በረዶ ነው። በ1920 ቆጠራ 993,678 ነዋሪ በነበራት ከተማ፣ እኛ ጋቢ በምንደርብበት በሐምሌ እነርሱን ሙቀት ያስጨንቃቸዋል። ስለዚህ በየማድ ቤቱ ውስጡ በቆርቆሮ የተለበጠ፣ በእንጨቱና በቆርቆሮው መካከል ሰጋቱራ ወይም ቡሽ የታጨቀበት ሣጥን ይቀመጥ ነበር። በረዶው ከላይ ይገባል፤ ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ስለሚወርድም ከሥር ያለውን ወተት፣ ቅቤና ሥጋ ያቀዘቅዛል። የሚቀልጠው ውኃ ጠብ እያለ ከሥር በተቀመጠ ሳሕን ይጠራቀማል፤ ሳሕኑ ሳይደፋ ያደረ እንደሆነ ጠዋት ወለሉ ውኃ ለብሶ ይገኛል።

የቤቱ እመቤት 25፣ 50፣ 75 እና 100 የሚሉ ቁጥሮች በአራቱም ጠርዝ የተጻፉበትን ካርቶን በመስኮቷ ላይ ትሰቅላለች። ቁጥሩ በፓውንድ ነው፤ 25 ፓውንድ 11 ኪሎ ገደማ ይሆናል። የምትፈልገውን ቁጥር ወደ ላይ ካዞረች፣ በረዶ አዳዩ ጋሪውን አቁሞ፣ ልኩን ፈልጦ፣ በብረት መቆንጠጫ ይዞ በትከሻው ያስገባላታል። ገና ከፖላንድ የመጣች፣ እንግሊዝኛ ያልለመደች ስደተኛ እንኳ በዚህ ትግባባ ነበር፤ እኔን ከፋብሪካዎቹ ሁሉ አብልጣ የዚያን ዘመን ኑሮ የምታሳየኝ ይህች ካርቶን ናት። ኬልቪኔተር የተባለው የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ የተጀመረው በዚያችው ከተማ ቢሆንም፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ዋጋው ከፎርድ መኪና ስለሚበልጥ የብዙ ሠራተኛ ቤት በሣጥኑ ቆየ።

ለሸዋ ሮቢቱ ወተትዎም ሰጋቱራው ሊረዳዎ ይችላል። ሁለት ሣጥን አንዱን በሌላው ውስጥ አግብተው መካከሉን በደረቅ ሰጋቱራ ያጭቁት፤ የወተቱን ዕቃ በብርዱ ሲያድር እንደቀዘቀዘ፣ ፀሐይ ሳይነካው በማለዳ ከትተው ክዳኑን ይግጠሙት።