በደም ሥር ስለሚሰጠው የፎስፎሊፒድ ሕክምና ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

የደም ሥርን ያጸዳል፣ ሕዋሳትንም ያድሳል እየተባለ በደም ሥር ስለሚሰጠው የፎስፎሊፒድ ሕክምና የደረሱኝን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እመልሳለሁ። ሙያዬ ፋርማሲ ነው፤ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፎስፎሊፒድ ምንድን ነው? ባዕድ ነገር ነውን?

መልስ፦ ባዕድ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሕዋስ የተሸፈነበት ቅባት ነው። የሞለኪውሉ ጭንቅላት ውሃን ይወዳል፣ ሁለቱ ጭራዎቹ ግን ከውሃ ይሸሻሉ፤ ስለዚህም ጭራ ለጭራ ገጥሞ በሁለት ረድፍ ይደረደርና 5 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ሽፋን ይሆናል። ለዚህ ሕክምና የሚውለው ዋናው ዓይነት ፎስፋቲዲልኮሊን ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከአኩሪ አተር ነው። ፎስፎሊፒድን በጥቅሉ የምነቅፍ እንዳይመስላችሁ፦ ያለ ጊዜያቸው ተወልደው ሳንባቸው መዘርጋት ላቃተው ጨቅላዎች በመተንፈሻ ቧንቧ የሚሰጠው ሰርፋክታንት ዋና ይዘቱ ፎስፎሊፒድ ነው፤ የብዙ ሕፃናትንም ነፍስ አትርፏል።

ጥያቄ፦ ታዲያ የደም ሥርን የዘጋውን ቅባት ቢያሟሟ ምን ያስገርማል?

መልስ፦ ሐሳቡ ከባዶ የመጣ አይደለም። ኤች ዲ ኤል የሚባለው የደም ቅባት ተሸካሚ ከሕዋሳት የተረፈውን ኮሌስትሮል ወደ ጉበት ሲመልስ፣ አንድ ኤንዛይም ከፎስፋቲዲልኮሊን ላይ አንዱን የቅባት ጭራ ቆርጦ ከኮሌስትሮሉ ጋር ያጣብቀዋል። ችግሩ ያለው ከዚህ በኋላ በሚደረገው ዝላይ ላይ ነው። ደም ሥርን የሚያጠበው ክምችት በቧንቧ ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደተለጠፈ ቅባት ተደርጎ ይሳላል፤ እውነታው ግን ክምችቱ የሚያድገው በግድግዳው ውስጥ፣ ከስሱ የውስጥ ሽፋን ሥር ሲሆን፣ ኮሌስትሮል ብቻ ሳይሆን የመከላከያ ሕዋሳት፣ ጠባሳና ካልሲየም የተቀላቀሉበት ነው። በአጠገቡ በሚያልፍ ፈሳሽ ታጥቦ የሚሄድ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህ ሕክምና ድንገተኛ የልብ ሕመምን፣ ስትሮክን ወይም ሞትን እንደሚቀንስ፣ በዕጣ ለሕክምናው ወይም ለማነጻጸሪያ በተመደቡ ብዙ ሕሙማን ላይ ተፈትኖ አልታየም። ለማነጻጸር ያህል፣ ስታቲን ከሚባሉት ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒቶች አንዱ በሆነው በሲምቫስታቲን ላይ ተደርጎ በ1994 ውጤቱ የታወቀው ጥናት 4,444 የልብ ሕሙማንን ይዞ በመድኃኒቱ ሞት በ30 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። እኔ የምጠይቀው ይህን መሰል ማስረጃ ነው።

ጥያቄ፦ ሕዋስን ያድሳል የሚባለውስ?

መልስ፦ ሕዋሳት ሽፋናቸውን ራሳቸው እየሠሩ ዘወትር ያድሳሉ። በዚህ ረገድ አስተማሪ የሆነው የጉበት ታሪክ ነው። አልኮል በተሰጣቸው የዝንጀሮ ዝርያዎች ላይ ከአኩሪ አተር የወጣው ፎስፋቲዲልኮሊን ጉበት በጠባሳ እንዳይደድር ሲከላከል ታየ፤ ተስፋውም ትልቅ ነበር። በ2003 የታተመው የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ጥናት ግን 789 አልኮል አብዝተው የሚጠጡ ሰዎችን ለሁለት ዓመት ተከታትሎ፣ መድኃኒቱን በወሰዱትና የማስመሰያ ክኒን በወሰዱት መካከል በጉበት ጠባሳ ልዩነት አላገኘም። በእንስሳ የሠራ ነገር በሰው ላይ ካልተፈተነ ተስፋ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። አምፑሉን ከኖርማል ሳላይን ጋር ስቀላቅለው ነጭ ደመና ሠራ። ልስጠው?

መልስ፦ በፍጹም አይስጡት፤ ያስወግዱት። ፎስፋቲዲልኮሊን በውሃ ስለማይሟሟ በብዙዎቹ ዝግጅቶች ውስጥ እንዲሟሟ የሚያደርግ ዲኦክሲኮሌት የተባለ የሐሞት ጨው ይጨመርበታል፤ እንደ ኖርማል ሳላይን ጨው ያለበት ፈሳሽ ይህን ውህደት ስለሚያናጋ እንደ ግሉኮስ ባለ ጨው አልባ ፈሳሽ ብቻ እንዲበረዝና ጠርቶ ካልታየ እንዳይሰጥ የአምራቾቹ መመሪያ ያዝዛል። ዲኦክሲኮሌት እንደ ሳሙና የሚሠራ ነገር በመሆኑ መጠኑ ሲበዛ ቀይ የደም ሕዋሳትን ሊያፈነዳ ይችላል። ከቆዳ ሥር ስብ ለማቅለጥ ይወጋ የነበረው ድብልቅም ቢሆን፣ ሲመረመር አቅላጩ በዋናነት ይኸው የሐሞት ጨው ሆኖ ተገኝቷል። በአንዳንዶቹ አምፑሎች ቤንዚል አልኮል የተባለ ማቆያ ስላለ ለጨቅላ አይሆኑም። በሽተኛው የአኩሪ አተር አለርጂ እንዳለበትም አስቀድመው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በካፕሱል ብወስደውስ?

መልስ፦ አንጀት ከመምጠጡ በፊት ይሰባብረዋል፤ ስለዚህ እንዳለ ሕዋስ ድረስ አይደርስም። ከሚገኘው ኮሊን የተወሰነውን የአንጀት ባክቴሪያዎች ይለውጡታል፤ ጉበትም ከዚያ ቲ ኤም ኤ ኦ የተባለ ውሁድ ይሠራል። ይህ ውሁድ ከልብ ሕመም ጋር መያያዙ ከ2011 ጀምሮ እየተጠና ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ስድስት ጊዜ ወስዷል። «ደም ሥርዎ ጸድቷል» ስለተባለ ስታቲንና አስፕሪኑን አቁሟል። ደረጃ ሲወጣ ግን ደረቱን ይይዘዋል።

መልስ፦ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ያስጨነቀኝ ይህ ነው። ደረጃ ሲወጡ የሚይዝ የደረት ሕመም ልብ በቂ ደም እያገኘ አለመሆኑን ሊያመለክት ይችላል፤ እነዚያ ክኒኖች የቆሙበትም ጊዜ የከፋ ነው። ዛሬውኑ መድኃኒቶቹን ላዘዘለት ሐኪም ይደውሉ፣ የቆመበትን ቀን ይንገሩ፣ የአምፑሉንም ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ። ሕመሙ ቁጭ ብሎ ሳለ ከመጣ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ወይም ላብና የትንፋሽ ማጠር ከተከተለው ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። አባትዎን አይቆጡት፤ ቀሪዎቹን ዙሮች ግን ሐኪሙ ሳያየው እንዳይወስድ ያድርጉ።